ጥቅምት መጨረሻ ላይ ገርዓልታ ማደር

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ከአራቱ ጋር ጥቅምት 27 ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመቐለ ተነስተን ገርዓልታ ሦስት ሌሊት ልናድር አስበናል። ግሩፓችን ላይ ስናወራበት ሁለት ጥያቄ ተነሳ። አንዷ «ቲቸር፣ ገንዘብ ከፍሎ ገጠር ማደር ምን ይሉታል? እኛ እኮ ከገጠር ነው የመጣነው» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። ሌላው ግን ከበድ ያለውን አመጣ፦ «ሰው ገና ሐዘን ላይ ነው። ያውም በጥቅምት ሽርሽር ይከብዳል።» ሁለቱም የታሪክ ጥያቄ ስለሆኑ እንደ ልማዴ በረጅሙ ልመልስ።

ከቀላሉ ልጀምር። በካላንደር ላይ የምናያቸው የስዊዘርላንድ የተራራ መንደሮች፣ መስኮታቸው በአበባ የተሞላው፣ ከ200 እና 250 ዓመት በፊት የድሃ መንደሮች ነበሩ። የሚታረሰው መሬት ጠባብ ነው፣ ብርዱ ረጅም ነው። ብዙ ወጣት ለፈረንሳይና ለሌሎች ነገሥታት ቅጥር ወታደር ሆኖ ይሄድ ነበር። የጳጳሱ ዘበኞች እስከ ዛሬ ስዊሶች የሆኑት ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። ተራራውን ደግሞ ይፈሩት ነበር፤ ከብት ለማሰማራት ወይ ለአደን ካልሆነ ወደ ጫፉ የሚወጣ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 ሁለት የሻሞኒ ሰዎች ሞንብላን ጫፍ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሀብታም እንግዶች «እኛንም ውሰዱን» ማለት ጀመሩ። በ1820 ሦስት መንገድ መሪዎች በበረዶ ናዳ ሞቱ። በዓመቱ፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፦ ሥራ በተራ እንዲሆን፣ የሞተ ሰው ቤተሰብም እንዲረዳ። እኔ ከአልፕስ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህችን ነው። ከዚያ በ1863 ቶማስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን የስዊዘርላንድ የቡድን ጉዞ አዘጋጀ። በ1865 ማተርሆርን የሚባለው ተራራ ላይ ሰባት ሰዎች ወጥተው ሲመለሱ ገመድ ተበጥሶ አራቱ ሞቱ። ጋዜጣው ሁሉ አወገዘ። ውግዘቱ ግን ለተራራው ግርጌ መንደር ለዘርማት ማስታወቂያ ሆነለት፤ በ1891 ባቡር ገባለት። «ውብ መንደር» የሚባለው ነገር እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም። የመንገድ፣ የማኅበርና የገንዘብ ታሪክ አለው።

እኛስ? የእኛ ሰው ተራራ የሚወጣው ለሦስት ነገር ነበር፦ ለጸሎት፣ ለመሸሸግ፣ አለዚያም ታስሮ። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣው ለመዝናናት አይደለም። አምባ ግሸንም የነገሥታት ልጆች መጠበቂያ ነበር። ግን «እኛ ዘንድ ለማየት መሄድ የለም» የሚለውን አልቀበልም። መሳለም ምንድን ነው ታዲያ? ስንቅ ይቋጠራል፣ በቡድን ይኬዳል፣ መንደር ይታደራል፣ ታቦት ተሳልሞ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ወሬ ይዞ ይመለሳል። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ቶማስ ኩክ ሳይወለድ በፊት ነው። የእኛን ነገር የሚለየው፣ ባለቤቱ እንግዳውን እግሩን አጥቦ ያበላዋል እንጂ አያስከፍለውም። ስለዚህ ተማሪዬ የሳቀችው እውነት አላት፤ ግራ ያጋባት መክፈሉ ነው እንጂ መሄዱ አይደለም።

ገርዓልታ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ቦታ ይመስላል። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል፣ በገደሉ ውስጥ የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያናት፣ ከሥር ሜዳ። ለአካባቢው ሰው ሁሌም የታወቁ ናቸው፤ ለምሁራኑ ዓለም ግን ብዙዎቹ አይታወቁም ነበር። በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አባ ተወልደመድኅን ዮሴፍ የሚባሉ የካቶሊክ ካህን የትግራይን ውቅር ቤተ ክርስቲያናት ዝርዝር ይዘው ቀረቡ፤ ከ120 በላይ! ሊቃውንቱ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ፈረንጁም ፎቶ አንሺውም ወደዚህ የጎረፈው። «አገኘነው» የሚል የውጭ መጽሐፍ ስታነቡ እኚህን የአገር ልጅ አስታውሱ።

ከሁሉም አቡነ ይምዓታ ጉሕ ይለያል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,580 ሜትር አካባቢ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ ቀጥ ያለው ድንጋይ ላይ ለእጅና ለእግር በተፈለፈሉ ጎድጓዶች ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ክንድ ብዙም በማይሰፋ ጠርዝ ይታለፋል፤ ከሥር ባዶ ነው። ውስጥ ሲገባ ግን ከላይ በሁለት ጉልላት ሥዕል ይጠብቃችኋል፦ በአንዱ ዘጠኝ ሐዋርያት፣ በሌላው ከዘጠኙ ቅዱሳን ስምንቱ። እየወጣችሁ «እግርህን እዚህ፣ እጅሽን እዚያ» እያሉ የሚያወጧችሁ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። መጋብ ላይም የአስጎብኚዎች ማኅበር አለ። ሻሞኒን ያነሳሁት ለዚህ ነበር።

ወቅቱን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፈረንጆቹ በዚህ ጊዜ ወደ ተራራ የሚሄዱት ቅጠል ሲረግፍ ለማየት ነው። እኛ ዘንድ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል፤ የአበባ ወቅት ነው (ብዙ ሰው ጸደይ ይለዋል፣ በባሕረ ሐሳቡ ጸደይ ሌላ ነው)። እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌ ነው። ገብሱ የሚታጨድበት፣ ጤፉ ቢጫ የሚሆንበት፣ አየሩ የሚጠራበት ጊዜ። ስለዚህ አጨዳ ላይ ያለን ገበሬ «ና መንገድ ምራን» እያላችሁ አታስቸግሩት፤ ተራው የሆነውን ልጅ ጠብቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ጥቅምት ለእኛ ቀላል ወር አይደለም። ጦርነቱ የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ሁለቱን ዓመት ያሳለፈ ሰው ወሩ ሲገባ ሰውነቱ ራሱ ያውቀዋል። ልጁ ያለው ልክ ነው፤ አልከራከረውም።

ግን ከቁስል ነፃ የሆነ ቦታ ፈልገን እንሂድ ካልን የት እንሄዳለን? ሐውዜን ሰኔ 15 ቀን 1980 ረቡዕ፣ በገበያ ቀን፣ ከአውሮፕላን ተደበደበች። የሞቱት 2,500 ይደርሳሉ ተብሎ ይጠቀሳል። እኔ የተወለድኩት በማግስቱ ዓመት ነው። የምኖርባት ዓይደርም ግንቦት 28 ቀን 1990 ትምህርት ቤቷ ላይ ቦንብ ወርዶባታል፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓይደር ግን ዛሬም ልጆች ይማሩባታል፣ ሐውዜንም ረቡዕ ረቡዕ ገበያዋ ይቆማል። ሐውዜኖች ገበያውን ወደ ሌላ ቀን አላዞሩትም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ብዙ ጊዜ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሁለተኛ፣ የገርዓልታ ሰው በእንግዳ ይኖር የነበረ ነው። በቅሎና አህያ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ቁልፍ የሚይዙት ቄስ፣ ሽሮ የምትሠራው። መጀመሪያ ኮቪድ መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፤ ዓመታት ባዶ ሆኑ። እኛ መምህራንም ደመወዝ ሳይከፈለን የቆየንባቸውን ወራት እናውቃለን፤ ሱቅ በዱቤ ያኖረን እንዴት እንደነበር አልረሳንም። ስለዚህ እኔ ዋጋ ላይ ከመንደር ልጅ ጋር ክርክር አልገጥምም። ተማሪዎቼም እንዳይገጥሙ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ወደ ዕቅዱ። ሐሙስ በሚኒባስ እስከ ውቅሮ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከመሸ ሌላ መኪና ይዘን መጋብ እናድራለን። ዓርብ ጥቅምት 28 የአቡነ ይምዓታ በዓል ነው፤ ሕዝቡ ይበዛል፣ ስለዚህ ቅዳሴው ካበቃና ሰው ከወረደ በኋላ ነው የምንወጣው፤ በጠርዙ ላይ መጋፋት አይቻልም። ከፍታ የሚፈራ ከታች ቢቀር ማንም አይስቅበትም፤ ድጉም ሥላሴ መንገድ ዳር ስለሆነ እሱን ያያል። ቅዳሜ ማርያም ቆርቆርና ዳንኤል ቆርቆር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ዳንኤል በር ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ማየት ብቻውን የጉዞውን ዋጋ ያወጣል። እሑድ ሐውዜን ቁርስ በልተን፣ በፍረወይኒ በኩል መልስ። አብርሃ ወአጽብሃን ለሌላ ጊዜ ትተነዋል፤ ተሯሩጦ የሚታይ ቤት አይደለም።

የምትመጡ ጋቢ ያዙ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ነጠላ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ ውሃ፣ ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት። የፍላሽ ፎቶ የለም፤ ሥዕሉን ይጎዳል። በጸጥታው በኩል ወሬው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ረቡዕ ማታ ለመንደሩ ሰዎች ደውለን ነው የምንወስነው፤ ካልሆነ እናራዝማለን።

መኪናው ላይ ሁለት ቦታ ቀርቷል። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ የ2008 ባች ቅድሚያ አለው።