በአንድ ጉዝጓዝ ላይ የበቀሉ እንጉዳዮች

ዛሬ ስለ እንጉዳይ ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። በአማርኛ «የጅብ ጥላ» የሚለው ስምም አለው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ጥርጣሬ እንደነበረው ያስታውቃል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የተቆረጠ ቅርንጫፍ በማሽን ይከተከትና በአበባ መደብና በመናፈሻ ላይ ይጎዘጎዛል። አረም ያፍናል፣ እርጥበት ይይዛል። እኔ የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ እንጨት ሲባል የሚታየኝ ጠረጴዛና በር ነው። ለእንጉዳይ ግን የተከተከተ እንጨት የቀረበ ማዕድ ነው። ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ቀድሞ የገባበትም ቦታውን ይይዛል። አዲስ ጉዝጓዝ ግን ባለቤት የሌለው መሬት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ይሰፍርበታል። ጥቂት ዓመት በብዛት ይበቅላሉ፣ ምግቡ ሲያልቅ ይጠፋሉ።

ከሰፋሪዎቹ አንዱ የሚበላ ነው። ስትሮፋሪያ ሩጎሶአኑላታ ይባላል፤ ስሙ የታተመው በ1922 አሜሪካ ውስጥ ነው። በምሥራቅ ጀርመን ከ1969 ጀምሮ ሰዎች በጓሯቸው ገለባ ላይ ያለሙት ነበር። ወይን ጠጅ የመሰለ ትልቅ ቆብ አለው፤ ዛሬም የጓሮ አትክልተኞች ሆን ብለው በእንጨት ስብርባሪ ላይ ይዘሩታል።

ሌላው አእምሮን የሚያናውጠው ነው፤ በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ። ፕሲሎሲቢ ሲያኔሰንስ የሚለውን ስም በ1946 ያወጣችለት እንግሊዛዊቷ የእንጉዳይ ተመራማሪ ኤልሲ ዌክፊልድ ናት፤ የሠራችውም ለንደን ባለው በኪው የዕፅዋት ማዕከል ነበር። የሚገርመው፣ ይህ እንጉዳይ በብዛት የሚገኘው ሰው ባዘጋጀው ጉዝጓዝ ላይ ነው። የሰው ልጅ አትክልት ሲያስውብ ሳያስበው አሳደገው ማለት ነው።

ሦስተኛው ግን ገዳይ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ጋለሪና ማርጂናታ ይባላል። ትንሽ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጀርመናዊው አውጉስት ባትሽ በ1789 ሲጽፍበት በምንጣፍ አበባ መካከል የሚበቅል ጠላት ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? በ1872 አሜሪካዊው ቻርልስ ፔክ የራሱን ናሙና ሌላ ስም ሰጠው። በ1953 ደግሞ አሌክሳንደር ስሚዝ «መርዘኛ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ስም አወጣ፤ በኦሬጎን ግዛት ሁለት ሰዎች በልተውት ታመው ነበርና። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ስሚዝና ቫሮ ታይለር የመርዙን ማንነት አሳወቁ፤ አማቶክሲን ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የጨረሰው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው እንጉዳይ የያዘው ያው መርዝ ነው።

ይህ መርዝ ተንኮለኛ ነው። የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰብም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በዚያች የዕረፍት ጊዜ ግን ጉበቱ እየሞተ ነው፤ መርዙ የጉበት ሕዋሳት ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያግዳቸዋልና። መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። አንዳንዱን ታማሚ የሚያድነው የጉበት ንቅለ ተከላ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 1981 በዋሽንግተን ግዛት በዊድቢ ደሴት ሦስት ወጣቶች አእምሮ የሚያናውጠውን ያገኙ መስሏቸው ጋለሪናን በሉ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሞተች። «ዱርዬ ስለሆኑ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ እንደዚያ አልፈርድም። ጀርመን ውስጥ ለወጥ የሚለቀም ሌላ እንጉዳይ ደግሞ ከጋለሪና ጋር በአንድ ጉቶ ላይ ይበቅላል፤ እናት ለልጆቿ ራት ስትለቅምም ልትሳሳት ትችላለች። እዚህ እኛ አገርም በክረምት ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቅርጫት ይዞ ጥድ ሥር የሚያጎነብስ ሰው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹ የለመዱት የትውልድ አገራቸውን ጫካ ነው።

በ2001 የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የነዚህን መርዘኞች ዲኤንኤ ሲያወዳድሩ፣ ፔክም ስሚዝም ሌላ ስም የሰጧቸው የባትሽ ጋለሪና ራሷ ሆነው ተገኙ። በጫካ ግንድ ላይ ያለችውና በሣር መካከል የምትታየው አንድ ናት። ለዚህ ነው ዛሬ ስትሮፋሪያን በጓሮው የዘራ ሰው ከራሱ ጉዝጓዝ ሲለቅም እንኳ አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚያየው። የዘራው አንድ ዓይነት ነው፤ ያልዘራውን ግን ነፋስ ያመጣለታል።