አርሲ (የሕዝብ ስም)

አርሲ ከኦሮሞ ሕዝብ ዋና ዋና ቅርንጫፎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ቃሉ ሕዝቡንም፣ ከሕዝቡ የተወለደውን ግለሰብም፣ ዋና ከተማው አሰላ የሆነውን ዞንም ይጠራል። በቆዩ የአማርኛ ጽሑፎችና በአውሮፓውያን ካርታዎች «አሩሲ» ተብሎም ይገኛል፤ ዛሬ የተለመደው አጻጻፍ «አርሲ» ነው።

የስሙ አመጣጥ

በቃል ትውፊት ስሙ ሕዝቡ ከሚወለድበት የጥንት አባት ጋር ይያያዛል። አርሲዎች ሲኮና መንዶ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይቆጠራሉ፤ ሲኮ በአምስት፣ መንዶ ደግሞ በሰባት ጎሳዎች ይታወቃሉ። ስለዚህ ስሙ መጀመሪያ የትውልድ ስም ሲሆን፣ የግዛት ስም የሆነው ኋላ ነው።

ይህ በአማርኛው አነጋገርም ይታያል። ከጎጃም ጎጃሜ፣ ከጎንደር ጎንደሬ፣ ከወሎ ወሎዬ ይባላል። አርሲ ግን ቅጥያ ሳይጨመርበት የሰውም የአገርም ስም ሆኖ ያገለግላል።

ትውልድና ቦታ

ሁለቱ ትርጉሞች ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። የአርሲ ኦሮሞዎች ከአርሲ ዞን ውጭ በባሌና ዋና ከተማው ሻሸመኔ በሆነው ምዕራብ አርሲ ዞንም በብዛት ይኖራሉ። የባሌ ተወላጅ በዘር አርሲ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በአሰላ ወይም በበቆጂ ተወልዶ ያደገ የሌላ ብሔር ተወላጅ በአገሩ «የአርሲ ልጅ» ይባላል። ስለዚህ «አርሲ ነው» የሚለው ቃል የዘር ሐረግን ወይም የትውልድ ቦታን ማመልከቱ የሚለየው ከአነጋገሩ ነው።

«ኦሮሞ» እና የቀድሞው ስም

አርሲዎች ከሌሎች ቅርንጫፎች ጋር የሚጋሩት የጋራ ስም «ኦሮሞ» ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አባ ባሕርይ ስለዚህ ሕዝብ በግዕዝ የጻፉት ድርሳን «ዜናሁ ለጋላ» ይባላል። ይህ ከውጭ የተሰጠ ስም ለረጅም ጊዜ በመጻሕፍትና በመንግሥት ሰነዶች ሲሠራበት ቆየ። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ባለመሆኑና በንቀት ስለሚነገር እንደ ስድብ ይቆጠራል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በይፋዊ አጠቃቀም «ኦሮሞ» ተተክቶበታል።

ተመሳሳይ ምሳሌ

የሕዝብ ስም የአገር ስም መሆኑ በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። ስኮትላንድ ማለት የስኮቶች ምድር ማለት ሲሆን፣ በላቲን «ስኮቲ» የተባሉት መጀመሪያ ከአየርላንድ የመጡ ጌሎች ነበሩ። ጌሎች ግን አገሪቱን በራሳቸው ቋንቋ «አልባ» ይሏታል። «ስኮች» የሚለውንም ቃል ብዙ ስኮትላንዳውያን ለውስኪ ይተዉታል እንጂ ለሰው ሲነገር አይወዱትም።