ሙጫው በየት በኩል ይዞራል?

የእህቴ ልጅ በኬሚስትሪ ሦስተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። ምን እንደሚያጠና በጠየቅኩት ቁጥር «ናኖማቴሪያል» ይለኛል። እኔም ራሴን እነቀንቅና አልፋለሁ። መቼም የዶክትሬት ተማሪ ዘመድ ያለው ሰው ራስ መነቅነቅ ይለምዳል።

ባለፈው ዓመት ግን ወራት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ምነው ብለው፣

«ጋሼ፣ ሙጫ እየጠበቅኩ ነው» አለኝ።

«የምን ሙጫ?»

«የግራር ሙጫ። ከውጭ ታዝዞልኝ የውጭ ምንዛሪው አልተገኘም።»

የግራር ሙጫ! ከውጭ! ያውም በዶላር! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እኔ ያን ሰሞን ከቦረና መመለሴ ነበር፤ በፌስታል የቋጠርኩት ሙጫም ከሻንጣዬ ገና አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ጉዳይ ያቤሎ ወርጄ ሳለ መኪና ተገኘና ወደ ምዕራብ ታጥፈን ተልተሌ ድረስ ሄድን። ተልተሌ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ሚዛኑን አቁሞ ሙጫ ይገዛል። አንዲት እናት ሁለት ፌስታል ይዘው መጡ። ነጋዴው ሁለቱንም መዘነና አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጣቸው። አማርኛ የሚችል ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ዛፉን እንዴት እንደሚያደሙት ጠየቅኳቸው። «እኛ ዛፍ አናቆስልም። ፍየል ስንጠብቅ ራሱ ያወጣውን ነው የምንለቅመው» አሉኝ። እውነትም በቦረና ቆላ ሙጫ የሚለቀመው በአብዛኛው እንዲያ ነው። ዝናቡ ደጋግሞ ቀርቶ ከብቱ ባለቀባቸው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ግን ሙጫው የፍየል ጥበቃ ትርፍ መሆኑ ቀርቶ የበቆሎ መግዣ ሆኖ ነበር።

ነጋዴውን ዋጋው ለምን እንዲህ እንደወረደ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ አይታወቅማ! ድብልቅ ስለሆነ በርካሹ ነው የሚሄደው» አለኝ። ከጆንያው ሁለት እፍኝ ገዝቼ ተመለስኩ። ለምን እንደገዛሁት እንኳ አላውቅም። ያምር ነበር፤ ሻይ የመሰለም ማር የመሰለም እንክብል አለው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሙጫና ናኖማቴሪያል ምን አገናኛቸው? ሲያስረዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ተካፍሎ አንዷ እጅ ናት። እሱ ብርን (ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን) በዚህ መጠን ውኃ ውስጥ ያዘጋጃል። ችግሩ ቅንጣቶቹ ብቻቸውን መኖር አለመውደዳቸው ነው። ተገናኝተው ይጣበቃሉ፤ ያብጣሉ፤ በመጨረሻም ብልቃጡ ሥር ይዘቅጣሉ። ሙጫው እያንዳንዷን ቅንጣት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከጎረቤቷ ይለያታል። እኔም ነገሩን የማውቀው መሰለኝ።

«ይኼማ ቀለም ነው!» አልኩት።

ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ አንድ ቁም ጸሐፊ ቀለም ሲበጠብጡ አይቻለሁ። ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት ይፋቃል፤ ይደቆሳል፤ በግራር ሙጫ ውኃ ይለወሳል፤ ለወራት እየታሸ ይሰነብታል። ከዚያ መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ ውስጥ ይጨመርና የመቃው ብዕር ይጠቀስበታል። ጥላሸት ማለት ደግሞ ካርቦን ነው፤ የአንዷ ፍሬ ስፋት በአሥር ቤት የሚቆጠር ናኖሜትር ነው። ጥላሸትን በባዶ ውኃ ብትበጠብጡት ከላይ ይሰፍፋል ወይም ይዘቅጣል። ሙጫ ሲገባበት ግን ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ብራና ላይም ይይዛል። ካርቦን ብርሃን ስለማያደበዝዘው ጽሑፉ መቶ ዓመታት አልፎትም እንደጠቆረ ይነበባል። ጸሐፊው ናኖ የሚባል ቃል አልሰሙም እንጂ ሥራውንስ ይሠሩት ነበር። (ይህን ስል የጨረቃ መንኮራኩርም ከእኛ ነው የተጀመረው ከሚሉት ወገን እንዳትቆጥሩኝ። ግብፁም ቻይናውም በየፊናው በጥላሸት ቀለም ጽፏል።)

ፈረንጆቹም ወደዚህ ሳይንስ የገቡት በሙጫ በር ነው። የለንደኑ ማይክል ፋራዴይ በ1857 እ.ኤ.አ. ወርቅን እጅግ አድቅቆ ውኃ ውስጥ ቢበትነው ቢጫው ወርቅ እንደ ጠጅ ሳይሆን እንደ ቀይ ወይን ሆነለት። ጨው ጠብ ሲያደርግበት ደግሞ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ዞረ። ቅንጣቶቹ መጣበቃቸው ነበር። ያዘጋጃቸው ብልቃጦች ዛሬም በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ ቶማስ ግርሃም እንዲህ ላሉት ነገሮች «ኮሎይድ» የሚል ስም አወጣ። ኮላ በግሪክ ሙጫ ነው። የናኖ ሳይንስ አያት ስሙ ሙጫ መሰል ማለት ነው እንግዲህ! ኦስትሪያ ተወላጁ ሪቻርድ ዚግሞንዲ ደግሞ የፋራዴይን ጨው መለኪያ አደረገው። ቀዩ ወርቅ ጨው ሲገባበት እንዳይሰማየይ የትኛው መከላከያ ስንት ያህል ያስፈልጋል? በዝርዝሩ ጄላቲን አንደኛ ሲወጣ የግራር ሙጫም ደህና ቦታ አገኘ። ዚግሞንዲ ለኮሎይድ ሥራው የ1925ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ዝም እላለሁ? ፌስታሌን አንጠልጥዬ ከልጁ ጋር ቤተ ሙከራው ድረስ ሄድኩ። አማካሪው ትሑት ሰው ናቸው። ሙጫውን በብርሃን አገላብጠው አዩትና፣ «አመሰግናለሁ፤ ግን ምን እንደሆነ የማናውቀውን ነገር ብልቃጥ ውስጥ አንጨምርም» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። የአገርን ነገር የሚንቅ ምሁር አገኘሁ ብዬ ለዚህ አምድ የሚሆን ርዕስ ሁሉ በሐሳቤ አወጣሁ። ሰውዬው ግን ቀጠሉ። «ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከፈለጉ ይቆዩ፤» ብለው ከመደርደሪያ አንድ ያረጀ መሣሪያ አወረዱ።

ፖላሪሜትር ይባላል። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ቢዮ በ1815 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ፈሳሾች በውስጣቸው የሚያልፈውን የብርሃን ንዝረት አቅጣጫ እንደሚያዞሩ አየ፤ ካያቸው አንዱ ከዛፍ ሙጫ የሚገኘው ተርፔንቲን ነበር። አንዱ ወደ ግራ ያዞራል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። የግራር ሙጫ በሚል ስም የሚሸጡት ሁለቱ ዋና ዋናዎች በዚህ ይለያያሉ። አካሲያ ሴኔጋል ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ወደ ግራ 30 ዲግሪ ገደማ ያዞራል፤ የአካሲያ ሰያል ሙጫ ደግሞ ወደ ቀኝ 50 ገደማ። ዓይን ሁልጊዜ አይለያቸውም፤ ከተፈጩ ደግሞ ጨርሶ። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከመቶ 2 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውን የቅባት ጠብታ የሚጨብጠው ያ ፕሮቲን ነው፤ የስኳሩ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ውኃው ተዘርግቶ ሌላው እንዳይጠጋ ይከለክላል። በሁለተኛው ውስጥ ፕሮቲኑ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጭበጣውም ይላላል።

ሱዳኖች ይህን ከነጋዴ ልምድ ያውቁታል። ሃሻብ ለብቻ፣ ጠልሕ ለብቻ ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም ለየቅል ነው። የኮርዶፋን ሃሻብ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለማየት አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ያደረገችውን ማየት ነው። ሌላው ሁሉ ሲከለከል ሙጫው ተፈቀደ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ ያን ገበያ ሲያናውጠው ገዢው ሌላ በር እያንኳኳ ነው። የእኛ በር ላይ የቆመው የተደባለቀ ጆንያ ነው።

አገራችን ይህን ዓይነት ሥራ አታውቀውም ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከእውነተኛ ከርቤ ጋር የሚቀላቀሉትን የሌሎች ዛፎች ሙጫዎች በኬሚስትሪ አሻራቸው ለይተዋል። ይህ ለኖቤል አያሳጭም ይሆናል። ከርቤ ለሚሸጥ ሰው ግን ከኖቤል ይበልጣል።

ታዲያ የተልተሌው ምን ሆነ? አማካሪውና ልጁ ከፌስታሌ ቀላ ያለውንና ነጣ ያለውን በዓይን ለይተው ለየብቻ በውኃ አሟሙ፤ አጠለሉ፤ በመሣሪያው አዩ። አንዱ ወደ ግራ ዞረ። ሁለተኛው ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ሁለቱን ቀላቅለው ሲያዩት መርፌው ዜሮ አካባቢ ቀረ፤ ወዲያም ወዲህም የማይል። ነጋዴው የሚሸጠው ይኼኛውን ነው። አማካሪው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ግራ የሚዞረው ብቻውን ቢመጣልን እኮ እንሠራበት ነበር» አሉ። ነገሩ በአንድ ልኬት እንደማያልቅም ነገሩኝ። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ቆላ የሚበቅለው አካሲያ ሴኔጋል ኬረንሲስ የሚባል የራሱ ዝርያ ስለሆነ የሱዳኑን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። አንድ ሰው ዛፍ በዛፍ እየዞረ መለካት አለበት። አንድ ሙሉ የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል አሉ፤ የእህቴ ልጅ ወደ ግድግዳው ዞረ። የእሱ ርዕስ ከጸደቀ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የታዘዘው ሙጫ በመጨረሻ መጣ። ግማሽ ኪሎ፣ በነጭ ፕላስቲክ ዕቃ። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ከግራር ዛፍ የተገኘ መሆኑን ይናገራል፤ አገሩን አይናገርም። ልጁም ብሩን መሸፈኑን ቀጠለ።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝምና ለአስተርጓሚዬ ልጅ ስልክ ደወልኩ። እኚያን እናት አፈላልጎ አገናኘኝ። ከተለቀመው ውስጥ የየትኛው ዛፍ የቱ እንደሆነ መለየት ይችሉ እንደሆነ ጠይቅልኝ አልኩት። ጠየቀ። ወዲያ ማዶ ረዘም ያለ ኦሮምኛ ተሰማ፤ በመካከሉም ሳቅ።

«ምን አሉ?»

«ሁለት ፌስታል ይዤ መምጣቴን አላየህም ወይ? አሉ። አንዱ ላይ ያደባለቀው ሰውዬው ነው፤ እኔማ ለያይቼ ነው ያመጣሁት እያሉ ነው።»