ኮምፓስ ወደ ደቡብ ያይ በነበረ ጊዜ

የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን ስንል ደረታችን ይነፋል። ይነፋ፣ ግድ የለም! ግን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጥቁር ድንጋይ ይህን ቢሰማ የሚስቅብን ይመስለኛል። የሱ መዝገብ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መሬት ተሰነጠቀችና ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ቅልጥ አለት ደጋግሞ ፈሰሰ፤ እየተነባበረም ደጋችንን ሠራ። (ጉና ተራራ እንኳ በኋላ የመጣ ልጅ ነው፤ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው።) ፍሳሹ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ማግኔታይት የሚባል ጥቃቅን ክሪስታል አወጣ። ንጹሕ ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ እንደ ኮምፓስ መርፌ የዘመኑን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል።

የሰው ልጅ ይህን ሙያ የያዘው ትናንት ነው። ፖላንዳዊው ቾክራልስኪ ከቀለጠ ብረታ ብረት ነጠላ ክሪስታል ጎትቶ ማውጣትን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 ነበር። በ1958 ደግሞ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ሰዎች የብረትና የኢትሪየም ኦክሳይድን በቀለጠ የእርሳስ ኦክሳይድ አሟሙተው ማግኔታዊ ክሪስታል አበቀሉ። ምስጢሩ አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ትልቅ ክሪስታል ይሰጣል፣ የተቻኮለ ደቃቅ።

ታዲያ የእኛው ድንጋይ ምን መሰከረ? በ1998 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የነበሩበት የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ቡድን ከሊማሊሞና ከጋይንት በስተምሥራቅ ካለችው ወገል ጤና የለካውን አሳተመ። የታችኛው ንብርብር ሲረጋ የኮምፓስ መርፌ ወደ ደቡብ ያይ ነበር! ከዚያ ወደ ሰሜን ዞረ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደቡብ። ያ ሁሉ አለት ሲፈስ የተመዘገበው መገላበጥ ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑ፣ ፍሳሹ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ እንደፈጀ ከሚናገረው የዕድሜ ልኬት ጋር ገጠመ።

ምስክሩ ግን አንድ ድክመት አለበት። አቅጣጫው ምልክት ሳይደረግበት ከቦታው ከተነሳ፣ ሰሜኑ የት እንደነበር ሊነግረን አይችልም። ኮብልስቶን ሆኖ የተነጠፈ ድንጋይ ምስክርነቱን እንደያዘ ዲዳ ሆኗል።

መንገድ አይሠራ፣ ድንጋይ አይፈለጥ አልልም። ጋይንትም ስማዳም መንገድ ይገባቸዋል። ግን ገደሉ ሲቆረጥ፣ ድማሚቱ ከመፈንዳቱ በፊት አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ኮምፓስና መሰርሰሪያ ይዞ ቢቆም ምን ይጎድልብናል? ብራና ቢቃጠል ቅጂው ሌላ ደብር ሊገኝ ይችላል። የዚህን ድንጋይ ቅጂ ግን ማንም አልጻፈውም።