የፊደላችን ኳኳታ

ቦንጋ ላይ ክረምቱ ረዥም ነው። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ካልደበደበው በቀር ብዙም የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ ከቀጭን የጭቃ ግድግዳ ወዲህ ሆኖ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው፣ ከግድግዳው ወዲያ ለተኛው ጠላት ነው። ባለፈው ክረምት ኪቦርዴን ፈታትቼ ድምፁን ላጠፋ የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የየራሱ ሞላና ተንሸራታች ዘንግ ያለው ኪቦርድ ከተራው ይልቅ ይጮኻል። ዘንጉ ወርዶ ታችኛውን ፕላስቲክ ይመታል፤ ሲመለስ ደግሞ ላዩን። ሞላው ያቃጭላል፤ ባዶው ሣጥን ይህን ሁሉ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ዘንጋቸው ላይ ትንሽ ጎማ ያለባቸውን ቁልፎች በዘመድ እጅ ከውጭ አስመጣሁ፤ ሞላውን በቀጭን ብሩሽ ግራሶ ቀባሁ፤ ሣጥኑን በስፖንጅ ሞላሁት። ከሁሉ ያስቸገረኝ በቃላት መካከል ክፍተት የሚሰጠው ረዥሙ ቁልፍ ነው፤ የሚደግፈው ሽቦ ይንቀጫቀጫል።

ይህ ሁሉ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን ጩኸቱን መሸሽ ከጽሕፈት መኪናው ጋር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ሾልስ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር፤ በ1920ዎቹ ሬሚንግተን «ድምፅ አልባ» የተባለ መኪና ይሸጥ ነበር።

የእኛ ችግር ግን ከጩኸቱ ይቀድማል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። መኪናው ያለው ደግሞ ከአርባ ብዙ የማይዘል ቁልፍ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛን የጽሕፈት መኪና የሠራው ኢንጂነር አያና ብሩ መፍትሔ ያደረገው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይጨመርበታል። ኋላ የኦሊቬቲ መኪናዎች መሥሪያ ቤቶቻችንን ሲሞሉ ያየናቸው ቅጥያቸው የተላቀቀ ፊደላት ከዚሁ ብልሃት የመጡ ናቸው። የአያናን ሥራ የፊደል ማበላሸት የሚሉት አሉ። እኔ አልፈርድበትም፤ በእጁ የነበረው መኪና ያ ነበር። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ፊደሉ ራሱ ለመኪናው ሲባል ይለወጥ የሚል ክርክር መነሣቱ ነው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ መልኩ ተመልሶለታል፤ ጣታችን ግን አላረፈም። በተለመደው በድምፅ መጻፊያ «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ እንመታለን፤ ለ«ሰ» ሁለት፣ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ም» አንድ። እንግዲህ የአማርኛ ጸሐፊ ጎረቤቱን የሚያስቸግርበት ተጨማሪ ምክንያት አለው።

እዚህ ከፋ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ ካፊ ኖኖ የራሱ ጽሕፈት አልነበረውም። በትምህርት ቤት መጻፊያ ሲፈለግለት የተመረጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፊደላችን የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን መጥበቅ ለይቶ አያሳይምና። የረዘመው ድምፅና የጠበቀው ድምፅ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ በመምታት ይጻፋል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆነ። ስለዚህ ቦንጋ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው በአንዱ ኪቦርድ ላይ ሁለት ፊደል ያፈራርቃል፤ በሁለቱም ደጋግሞ ይመታል።

በእጅ የሚገጣጠም ኪቦርድ አንድ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚል ባለቤቱ ይወስናል፤ ትእዛዙም በራሱ በኪቦርዱ ውስጥ ይቀመጣል። እኔም ከማልነካቸው ቁልፎች አንዱን ከፊደል ወደ ላቲን መሻገሪያ አደረግሁት፤ ቀድሞ ሁለት ጣት ይጠይቅ የነበረው አሁን በአንድ አውራ ጣት ያልቃል። አማርኛና ካፊ ኖኖ አሁን ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ከግድግዳው ወዲያም ቅሬታ አልመጣም። ረዥሙ ቁልፍ ብቻ በስተግራ በኩል ዛሬም ጥቂት ያንኳኳል።