ኩርኩምና ዥዋዥዌ

በየክፍላችን አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም ነበር። እርሳስ ሲጽፍበት ይሰብራል፣ የጫማውን ክር ማሰር ያቅተዋል፣ ሰልፍ ላይ ትከሻውን ሲነኩት እንደተመታ ይጮሃል። ስሙ ወይ «ዝርክርክ» ነው ወይ «ሞልቃቃ»፤ መድኃኒቱ ኩርኩም። (ያልቀመሳችሁ እጃችሁን አውጡ!)

ይህን ልጅ በሌላ ዓይን ያየችው እ.ኤ.አ. በ1920 ካሊፎርኒያ የተወለደችው ጂን አይረስ ናት። ሙያዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ስሙ የቅጥር ሥራ ያስመስለዋል እንጂ ጉዳዩ ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መብላት፣ መልበስ፣ መጻፍ። ለልጅ ደግሞ መጫወት።

አይረስ በ1961 በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬቷን ይዛ የአንጎል ምርምር ውስጥ ገባች። እኛ የሸመደድናቸው አምስቱ የስሜት ሕዋሳት አልበቋትም። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችን አለ። ሳናይ እጃችን የት እንዳለ የሚነግሩን ጡንቻዎችና መገጣጠሚያዎች አሉ። አንጎል ይህን ሁሉ ወሬ ማቀናጀት ሲያቅተው፣ አለች በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጁ መማርም መንቀሳቀስም ይከብደዋል። እርሳሱን የሚሰብረው እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ምን ያህል እንደጨበጠው እጁ አልነገረውም።

ስለዚህ ሕክምናው ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌና በደረት ተኝተው የሚነዱት ባለጎማ ጣውላ ሆነ። ምን እንደሚጫወት የሚመርጠውም በአብዛኛው ልጁ ራሱ ነው። (ክሊኒክ ነው ወይስ ልደት?)

ንድፈ ሐሳቧ ግን እስካሁን ያከራክራል። በ2012 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ችግሩ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም ሆኖ እንዳይሰጥ መከረ፤ ሕክምናው ቢሞከርም ማስረጃው ውስን መሆኑ ለወላጆች ይነገራቸው አለ። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ ኦቲዝም ባለባቸው 138 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤቱ ሲወጣም፣ ሕክምናው ከተለመደው እንክብካቤ በልጦ አልተገኘም። ለእኔ ዥዋዥዌው ቢሸነፍም ጥያቄዋ አልተሸነፈም፤ ከእሷ በፊት «ይህ ልጅ ምን ይሰማዋል?» ብሎ በፈተና ለመለካት የደከመ ብዙ አልነበረም።

በ1988 አረፈች። አሥራ ሰባት ፈተናዎች ያሉት የመጨረሻ ሥራዋ የታተመው በዓመቱ ነው። በአንደኛው ልጁ እጁ ይሸፈንና ጣቱ ቀስ ብሎ ይነካል፤ ከዚያ የትኛው እንደተነካ ይጠየቃል።