በረሃብ መሃል የተመለሰው በቆሎ፦ የዛምቢያ እምቢታና ከጀርባው ያለው ንግድ

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2002 ደቡባዊ አፍሪካን ክፉ ድርቅ መታው። በስድስት አገሮች ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዛምቢያ ውስጥ ብቻ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተቸግሮ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው በቆሎ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ሳለ ግን የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ሌቪ ሙዋናዋሳ እንዳይከፋፈል አገዱ። በቆሎው ዘረ መሉ የተቀየረ፣ ማለትም ጂ.ኤም.ኦ ነበር። ሕዝቤ ስለተራበ ብቻ መርዝ አላበላውም ሲሉም ተናገሩ።

ይህን ታሪክ አንዱ ወገን ሲያወራው ሙዋናዋሳ ለኃያላን ያልተንበረከኩ ጀግና ናቸው። ሌላው ሲያወራው ደግሞ በሕዝባቸው ረሃብ የቀለዱ መሪ። ሁለቱም ወሬዎች በቆሎውን ራሱን ይረሱታል።

የመጣው እርዳታ ዱቄት ሳይሆን ፍሬ ነበር። ፍሬ ደግሞ ምግብም ዘርም ነው። ገጠር ዘመድ ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ይህን አትስቱትም፤ ገበሬ ቢርበውም ከተሰፈረለት ላይ ቆንጠር አድርጎ ለዘር ያስቀምጣል። አንዴ ከተዘራ ደግሞ የበቆሎን ብናኝ ነፋስ ከማሳ ማሳ ይወስደዋል፤ የጎረቤትም ሰብል ይቀላቀላል። ዛምቢያ በዚያን ጊዜ አትክልት፣ ማርና ገና በለጋነቱ የሚለቀም በቆሎ ለአውሮፓ ትሸጥ ነበር። አውሮፓ በበኩሏ ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ የጂ.ኤም.ኦ ሰብሎችን ማጽደቅ አቁማ ነበር። ስለዚህ የአንድ ዓመት እርዳታ የብዙ ዓመት ገበያ ሊያሳጣን ይችላል የሚለው ስጋት ባዶ ፍርሃት አልነበረም።

አሜሪካስ ለምን ሌላ በቆሎ አልላከችም? በዚያ ዓመት ከአሜሪካ የበቆሎ ማሳ አንድ ሦስተኛው ገደማ የተዘራው በጂ.ኤም.ኦ ነበር፤ ጎተራ ሲገባ ከሌላው ጋር ይደባለቃል እንጂ አይለይም። የአሜሪካ የምግብ እርዳታ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከራሷ ገበሬዎች በተገዛ እህል የሚሰጥ ነበር። እርዳታው የገበሬዎቿም ገበያ ነበር ማለት ነው። እነዚሁ ገበሬዎች የአውሮፓ በር ስለተዘጋባቸው በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያጡ ይናገሩ ነበር። አንድ የተራበ አፍሪካዊ አገር «እኔም እፈራዋለሁ» ሲል ዋሽንግተን ለምን እንደተቆጣች ከዚህ ይገባናል።

በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ቡሽ አውሮፓ በፍርሃቷ የአፍሪካን ረሃብ የማስወገድ ጥረት እያደናቀፈች ነው ብለው ከሰሱ። በዚያው ወር አሜሪካ ከካናዳና ከአርጀንቲና ጋር ሆና አውሮፓን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። በ2006 ዳኞቹ አውሮፓ ያለ አግባብ ማጓተቷን ወሰኑ። ሰብሎቹ ለጤና ደህና ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ግን ጭራሽ አልመረመሩም። አውሮፓም ቀድማ፣ በ2004፣ ሌላ ሕግ ሥራ ላይ አውላ ነበር፤ ከ0.9 በመቶ በላይ ጂ.ኤም.ኦ ያለበት ምግብ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍበት። ሸማቹ የተጻፈበትን ስለማይወድ ነጋዴው አያመጣውም።

የዛምቢያ ጎረቤቶች ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ መሃል መንገድ አገኙ፤ በቆሎው ተፈጭቶ ይግባ አሉ። ማስፈጨት ወጪ አለው፣ ዱቄትም እንደ ፍሬ ረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ዱቄት ግን አይዘራም። ዛምቢያ ሳይንቲስቶቿን ወደ አሜሪካ፣ ደቡብ አፍሪካና አውሮፓ ልካ ካስጠናች በኋላ ዱቄቱንም እምቢ አለች። ሙዋናዋሳ የማይገቡኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ ዘሩ ያነሱት ነገር ጠንካራ ነበር። አሜሪካውያን ለስድስት ዓመት ሲበሉት የኖሩትን እህል «መርዝ» ማለት ግን በእጃቸው ካለው ማስረጃ እጅግ ይርቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን የተራቡ የገጠር ሰዎች መጋዘን ሰብረው በቆሎውን ወስደዋል። የተፈራው የጅምላ እልቂት አልደረሰም፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በቆሎውን አውጥቶ ሌላ እህል አፈላለገ፣ የቀጣዩ ዓመት ምርትም ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዝናቡን ግን ፖሊሲ አላመጣውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም አገር ሰው አለበት። አንድ አገር ጂ.ኤም.ኦ ድንበሩን ከመሻገሩ በፊት ተጠይቆ እምቢ የማለት መብት የሰጠው የካርታኼና ፕሮቶኮል በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ሲጸድቅ፣ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች የመሩት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ፕሮቶኮሉ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2003 ስለሆነ ለዛምቢያ አልደረሰላትም። አሜሪካም እስካሁን አባል አይደለችም። ኢትዮጵያ በ2009 ያወጣችው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ በጣም ጥብቅ ነበር። በ2015 ተሻሽሎ ላላ፤ በ2018 ትል የሚቋቋም የጂ.ኤም.ኦ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። ለፈቃዱ የቀረበው ዋና ምክንያት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ጥጥ አነሰን ማለታቸው ነበር።